ጥድ ላይ ከወጣው ሰው እስከ ሃሌአካላ፦ ፀሐይን አጥርቶ የማየት ታሪክ

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላሳስብ፤ በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

ግራ በሚያጋባ አንድ ሐቅ ልጀምር። በ1962 በአሪዞና፣ ኪት ፒክ በተባለው ተራራ ላይ፣ ዋና መስታወቱ 1.6 ሜትር ስፋት ያለው የፀሐይ ቴሌስኮፕ ተመረቀ። በዘመኑ በዓለም ላይ ወደር ያልነበረው መሣሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ የሌሊቱን ሰማይ የሚመለከቱት ቴሌስኮፖች ከ5 ሜትር ተነሥተው 10 ሜትር ደረሱ። የፀሐይ ቴሌስኮፕ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ከ1.6 ሜትር አላለፈም። 4 ሜትር ስፋት ያለው መሣሪያ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ የመጀመሪያዎቹን ምስሎች ያነሣው በታኅሣሥ 2019 ነው። የበለጠ የሚያስገርመው ደግሞ በእነዚያ ዓመታት የፀሐይን ገጽ ከሁሉ አጥርተው ያሳዩት መሣሪያዎች ትልቁ የኪት ፒክ ቴሌስኮፕ ሳይሆን ስፋታቸው ከእርሱ የሚያንስ ታናናሾቹ መሆናቸው ነው።

ይህ ለምን ሆነ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ፀሐይ ብሩህ ስለሆነች ትልቅ መሣሪያ አያስፈልጋትም» የሚል ነው። ይህ መልስ ስሕተት ነው፤ ስሕተትነቱንም ወደ ኋላ ላይ አሳያለሁ። የእኔ ክርክር የሚከተለው ነው፦ የፀሐይ ቴሌስኮፕ ታሪክ የመስታወት ስፋት ታሪክ አይደለም። ከሙቀትና ከአየር ጋር የተደረገ የረጅም ጊዜ ትግል ታሪክ ነው። ይህን ሳንረዳ የቴሌስኮፖችን ስፋት በሠንጠረዥ ብንደረድር የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው።

ጥቂት ቍጥሮች ያስፈልጉናል። ፀሐይ ከእኛ ወደ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በዚያ ርቀት አንድ አርክ ሰከንድ፣ ማለትም የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል፣ በፀሐይ ገጽ ላይ 725 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። የብርሃን ሞገድነት የሚጥለው ገደብ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በአረንጓዴ ብርሃን ሲታይ የ1 ሜትር ቴሌስኮፕ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን፣ የ4 ሜትሩ ደግሞ ከ25 ኪሎ ሜትር በታች የሆነውን ዝርዝር ይለያል። ነገር ግን ቀን ላይ ምድር ትሞቃለች፤ የሞቀው አየር ይነሣል፤ ብርሃኑም በዚያ በሚናወጥ አየር ውስጥ ሲያልፍ ይጣመማል። በጋለ ምጣድ ላይ አሻግሮ የተመለከተ ሰው ከማዶ ያለው ግድግዳ ሲርገበገብ አይቷል፤ ነገሩ ያው ነው። በዚህ ሳቢያ ጥሩ በሚባል ቦታ ላይ የቆመ ቴሌስኮፕ እንኳ፣ መስታወቱ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ አየሩን የሚያርምበት ዘዴ ከሌለው፣ የሚያሳየው የ10 ሴንቲ ሜትር መሣሪያ ከሚያሳየው ብዙም አይሻልም። ይኸውም አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፀሐይ ገጽ የተሸፈነባቸው የሚፍለቀለቁ ፍሬዎች፣ ግራኑል የሚባሉት፣ ስፋታቸው በአማካይ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ የታሪኩ ምጸት ነው። ለመታየት በጣም ቀርበው፣ በትክክል ለመታየት ግን እምቢ ያሉ ነገሮች ናቸው።

የዚህ ውጤት በ19ኛው መቶ ዘመን በግልጽ ይታያል። ጋሊሌዮ፣ ሻይነርና ፋብሪሲዩስ በ1610ዎቹ መባቻ የፀሐይን ጥቁር ነጠብጣቦች ተመልክተዋል፤ የጋሊሌዮ ደቀ መዝሙር ካስቴሊም ምስሉን በወረቀት ላይ አሳርፎ መሣልን አስተማረ። ይህን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልቆይበትም። በ1860ዎቹ ግን ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ጄምስ ናስሚዝ የፀሐይ ገጽ የአኻያ ቅጠል በሚመስሉ፣ እርስ በርስ በተነባበሩ ነገሮች የተሸፈነ ነው ብሎ ተናገረ። ዊልያም ዶውስ አጥብቆ ተቃወመው፤ «ግራኑል» የሚለውንም ገለልተኛ ስም ያቀረበው እርሱ ነው። ቀጥሎ ፈረንሳዊው ዡል ዣንሰን በመዶን ሆኖ የፀሐይን ፍሬዎች በዘመኑ አቻ በሌለው ጥራት ፎቶግራፍ አነሣ። በፎቶግራፎቹ ላይ ጥርት ያሉና የደበዘዙ ቦታዎች እንደ መረብ ተሰበጣጥረው ስለታዩ፣ መረቡ የፀሐይ ነው ብሎ ስም ሰጠው። መረቡ ግን የፀሐይ አልነበረም፤ የእኛው አየር ነበር። ዣንሰን ሰነፍ ተመልካች አልነበረም፤ እንዲያውም ከዘመኑ እጅግ ጠንቃቃ ሰዎች አንዱ ነው። አየሩ ምስልን ማደብዘዝ ብቻ ሳይሆን የሌለ ነገርን ፈጥሮ ሊያሳይም እንደሚችል ይህ ምሳሌ ያስረዳል። ዛሬም የሚታተም እያንዳንዱ የፀሐይ ምስል «ይህ የፀሐይ ነው ወይስ የመሣሪያው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ መቅረብ አለበት።

አሁን ወደ ጆርጅ ኤለሪ ሄል ልለፍ፤ እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆያለሁ። ሄል በ1868 በቺካጎ ተወለደ። ገና ተማሪ ሳለ በ1889 በቺካጎ የከተማ ባቡር ተሳፍሮ ሲጓዝ አንድ ሐሳብ እንደ መጣለት ይነገራል። የፀሐይ ብርሃን በስፔክትረም ሲተነተን እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ጥቁር መስመር ይተዋል። ታዲያ ከአንድ መስመር የሚመጣውን ብርሃን ብቻ ወስዶ የፀሐይን ሙሉ ሥዕል ማንሣት ቢቻልስ? ዘዴው ሁለት ስንጥቆችን የሚጠቀም ነው፤ የመጀመሪያው ከፀሐይ ምስል አንድ ቀጭን ሰንበር ያሳልፋል፤ ሁለተኛው ከስፔክትረሙ የተፈለገውን መስመር ብቻ ይመርጣል። ስንጥቁ በምስሉ ላይ ቀስ እያለ ሲጓዝ ሥዕሉ ሰንበር በሰንበር ይገነባል። መሣሪያው ስፔክትሮሄሊዮግራፍ ተባለ። ዴላንድር የተባለ ፈረንሳዊም ራሱን ችሎ ወደዚያው ሐሳብ ደርሶ ነበር።

ሄል በ1904 በካሊፎርኒያ በማውንት ዊልሰን ላይ ያቆመው ቴሌስኮፕ አግድም የተዘረጋ ነበር። ብርሃኑ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ በረጅም ቤት ውስጥ ይጓዛል። ማለዳ ላይ ምስሉ ግሩም ነው፤ ፀሐይ ከፍ ስትልና መሬቱ ሲግል ይበላሻል። ሄል ትንሽ ቴሌስኮፕ ይዞ ጥድ ላይ ወጣ፤ ከፍታው ሲጨምር ምስሉ ምን ያህል እንደሚሻሻል ፈተነ። እኔ ይህን ነገር እወደዋለሁ። በኋላ ላይ በአገሩ ትልልቆቹን የምርምር ተቋማት ያደራጀው ሰው፣ የቴሌስኮፕን ቅርጽ ለአንድ መቶ ዓመት የወሰነውን ፍተሻ ያደረገው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። መልሱም ማማ ሆነ። በ1908 የ60 ጫማው፣ ማለትም 18 ሜትር ገደማ የሚሆነው የማማ ቴሌስኮፕ ሥራ ጀመረ። መስታወቶቹ ከመሬቱ ግለት በላይ ከፍ ተደርገው ተቀመጡ፤ ብርሃኑ ቁልቁል ወረደ፤ ስፔክትሮግራፉም ሙቀቱ በማይለዋወጥበት ጕድጓድ ውስጥ ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ 150 ጫማ የሚረዝም ሁለተኛ ማማ ተጨመረ። ይኸኛው በማማ ውስጥ ያለ ማማ ነው፤ የውስጠኛው እያንዳንዱ እግር በውጭኛው ክፍት እግር ውስጥ ስለተሸሸገ ነፋስ አያገኘውም።

ማማው በተሠራበት ዓመት ፍሬ አፈራ። ሄል በሃይድሮጅን ቀይ መስመር ባነሣቸው ሥዕሎች ላይ በነጠብጣቦቹ ዙሪያ የአዙሪት ቅርጽ አየ። የሚዞር ኤሌክትሪክ ካለ መግነጢስ ሊኖር ይገባል ብሎ አሰበ። ሆላንዳዊው ፒተር ዚማን ደግሞ በ1896 በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የብርሃን መስመሮች እንደሚከፈሉ በቤተ ሙከራ አሳይቶ ነበር። ሄል በነጠብጣቦቹ ስፔክትረም ውስጥ የተከፈሉትን መስመሮች አገኘ፤ የብርሃኑን ፖላራይዜሽን መርምሮም አረጋገጠ። መስኩ ሦስት ሺህ ጋውስ ገደማ ነበር፤ የምድራችን ግን ግማሽ ጋውስ ነው። ከምድር ውጭ መግነጢሳዊ መስክ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ወደ ግኝቱ የመራው የአዙሪት ሐሳብ ራሱ ከጊዜ በኋላ ሳይጸና መቅረቱን ልብ በሉ፤ የተከፈሉት መስመሮች ግን እውነት ነበሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፀሐይ ቴሌስኮፕ ዋና ሥራ ተለወጠ። ጥሩ ሥዕል ማንሣት ብቻውን አይበቃም፤ በሥዕሉ ላይ ባለው እያንዳንዱ ነጥብ ያለውን መግነጢስ መለካት ያስፈልጋል። አስቀድሜ ስሕተት ያልሁት መልስም የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ብርሃኑን በስፔክትረም ስንከፋፍለው ይቀንሳል፤ በፖላራይዜሽን ስንለየው ይቀንሳል፤ በጥቃቅን ነጥቦች ስናካፍለው ደግሞ ይቀንሳል። ከሺህ አንድ የሆነ የፖላራይዜሽን ምልክት ለመለየት ቢያንስ ሚሊዮን ፎቶን ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የቆጠራው ስሕተት በፎቶኖቹ ብዛት ካሬ ሥር ይሄዳልና። ብዙ ሰዓት ጠብቀን እንሰብስብ እንዳንል፣ በፀሐይ ገጽ ላይ ድምፅ በሰከንድ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ 30 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ዝርዝር በአራት ሰከንድ ውስጥ ሊለወጥ ይችላል። ፀሐይ ለዓይናችን የበዛች ብትሆንም ለመለኪያችን ግን ችግረኛ ናት።

ስለ በርናር ሊዮ አጭር ቃል ላክል። የፀሐይ አክሊል፣ ኮሮና የምንለው፣ ከገጿ ሚሊዮን ጊዜ የደከመ ብርሃን ስላለው እስከ ሊዮ ዘመን ድረስ የሚታየው በሙሉ ግርዶሽ ጊዜ ብቻ ነበር። (በ2012 ዓ.ም. ሰኔ 14 ቀን ላሊበላ ላይ ያየነው የቀለበት ግርዶሽ ኮሮናን ያላሳየንም፣ ቀለበቱ ብቻ አክሊሉን ለመሸፈን ስለሚበቃ ነው።) ሊዮ በ1930ዎቹ መባቻ በፒሬኔ ተራሮች በፒክ ዱ ሚዲ ላይ ሆኖ ሰው ሠራሽ ግርዶሽ በቴሌስኮፕ ውስጥ ፈጠረ። ምስጢሩ እጅግ የጠራ ሌንስና ከአቧራ የጸዳ የተራራ አየር ነበር። ቀጥሎም በክሪስታል ንጣፎች አንድ ጠባብ የብርሃን መስመር ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ሠራ፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። በየካቲት 1952 ሙሉ ግርዶሽ ለመመልከት ወደ ጎረቤታችን ካርቱም መጣ። ሲመለስ በካይሮ አቅራቢያ በባቡር ላይ ሳለ በልብ ድካም አረፈ። ግርዶሽን ከመጠበቅ ነፃ ያወጣን ሰው ሕይወቱ ያለፈው ከግርዶሽ ሲመለስ ነው።

በዚያው ዘመን በማውንት ዊልሰን ሆረስ ባብኮክ ከአባቱ ጋር የፀሐይን መግነጢስ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚለካ መሣሪያ ሠራ። በ1953 ደግሞ ሌላ ጽሑፍ አወጣ። የአየሩን መጣመም በቅጽበት መለካትና በዚያው ቅጽበት በተቃራኒ በሚጣመም መስታወት ማረም ይቻላል የሚል ነው። መስታወቱን በስስ የዘይት ሽፋን አልብሶ፣ የዘይቱን ውፍረት በኤሌክትሮን ጨረር ለመለዋወጥ አሰበ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የሚፈጽመው ግን በዘመኑ አልነበረም። በየሺኛው የሰከንድ ክፍል ለክቶና አስልቶ የሚያዝ ኮምፒውተር ገና አልተወለደምና። በኋላም የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት በዚህ ዘርፍ ያደረገው ምርምር ብዙው በምስጢር ተይዞ እስከ 1991 ቆየ።

እስከዚያው ድረስ መሐንዲሶቹ በሚችሉት መንገድ ታገሉ። ማርቲን ሽዋርዝሺልድ በ1957 የ30 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ በባሉን አስሮ ከአብዛኛው አየር በላይ ሰደደው፤ ያመጣቸው የግራኑል ፎቶግራፎች ከምድር ከተነሡት ሁሉ የጠሩ ነበሩ። ሪቻርድ ደን ግን ሌላ ጠላት አየ። አየሩ ከቴሌስኮፑ ውጭ ብቻ አይደለም ያለው፤ ውስጥም አለ፤ ያንን የሚያሞቀው ደግሞ ቴሌስኮፑ ራሱ የሰበሰበው ብርሃን ነው። መፍትሔውም አየሩን ጨርሶ ማስወጣት ሆነ። በኒው ሜክሲኮ በሳክራሜንቶ ፒክ ላይ በ1969 የተጠናቀቀው የደን ቴሌስኮፕ ከመሬት በላይ 41 ሜትር ገደማ ይቆማል፤ ከመሬት በታች ደግሞ ከ60 ሜትር በላይ ይወርዳል። ብርሃኑ በ76 ሴንቲ ሜትር መስኮት ገብቶ በባዶ ቧንቧ ውስጥ ይጓዛል። ከ200 ቶን በላይ የሚመዝነው አካሉ በሙሉ በሜርኩሪ ላይ ተንሳፍፎ ስለተንጠለጠለ ያለ መንቀጥቀጥ ይዞራል። ከኪት ፒኩ ታላቅ ወንድሙ ግማሽ የማይሞላው ይህ ቴሌስኮፕ ለምን አጥርቶ እንዳሳየ አሁን ግልጽ ይመስለኛል።

የባዶ ቧንቧው መንገድ ቍንጮው በካናሪ ደሴቶች፣ በላ ፓልማ ላይ በ2002 ሥራ የጀመረው የስዊድን ቴሌስኮፕ ነው። በዬራን ሻርመር የሚመራው ቡድን ድፍረት የተሞላበት ነገር አደረገ፤ አንድ ሜትር የሚጠጋ አንድ ነጠላ ሌንስ ወስዶ፣ ሌንሱን ራሱን የባዶ ቧንቧው መስኮት አደረገው። ነጠላ ሌንስ ቀለማትን በአንድ ቦታ አይሰበስብም፤ ያንን ለማረም ደግሞ ሉድቪግ ሹፕማን በ1899 ያቀረበውንና ጥቂቶች ብቻ የሚያስታውሱትን ዘዴ ከመዝገብ አወጡ። በዚያው ዓመት በነጠብጣብ ዙሪያ ባሉት ክሮች መካከል ማንም ያላያቸውን ጥቁር እምብርቶች አዩ። ዝርዝሩ 0.1 አርክ ሰከንድ ነበር።

ነገር ግን መንገዱ እዚያ ያበቃል። በባሕር ጠለል ግፊት ሲሰላ የአንድ ሜትር መስኮት ስምንት ቶን ያህል የአየር ግፊት ይሸከማል። የአራት ሜትር መስኮት ቢሆን 130 ቶን ያህል ይሆናል። ያንን የሚችል መስታወት እጅግ ወፍራም መሆን አለበት፤ ወፍራም መስታወት ደግሞ ብርሃኑን ራሱ ያበላሻል። የ1.6 ሜትሩ ግድግዳ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ቴሌስኮፑ ሲሰፋ በአየር የተሞላው ይቃጠላል፤ ባዶው ይሰበራል። መውጫውን ያመላከተችው በዚያው በላ ፓልማ በ1997 የተከፈተች የሆላንዶች ትንሽ ቴሌስኮፕ ናት። መስታወቷ 45 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሮበርት ሐመርሽላግ ቧንቧም ቤትም ነሥቶ በብረት አጽም ላይ ገልጦ አቆማት፤ ነፋሱ ሙቀቱን እንዲጠርግ ተወው። ማማ ሠሪዎቹ ሲሸሹት የነበረውን ነፋስ ወዳጅ አደረገው ማለት ነው።

የባብኮክ ሐሳብም በዚሁ ጊዜ በፀሐይ ላይ ሰመረ። ለሌሊት ተመልካቾች አንዲት ኮከብ እንደ መመሪያ ነጥብ ታገለግላለች፤ በፀሐይ ላይ ግን ነጥብ የለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በደን ቴሌስኮፕ ቶማስ ሪመሌና ባልደረቦቹ፣ በላ ፓልማም ስዊድናውያኑ፣ የሚፍለቀለቁትን ፍሬዎች ራሳቸውን መመሪያ አደረጉ። የቴሌስኮፑ አፍ በብዙ ትናንሽ ሌንሶች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ሌንስ ያንኑ የፀሐይ ቍራጭ ያያል፤ ኮምፒውተሩም ሥዕሎቹን እርስ በርስ አነጻጽሮ የቱ በየት በኩል እንደ ተንሸራተተ ያሰላል። መስታወቱም በዚያው ይታጠፋል። ዶውስና ናስሚዝ የተከራከሩባቸው ፍሬዎች አየሩን የምንለካባቸው ምልክቶች ሆኑ።

እነዚህ ክሮች ሁሉ የተገናኙት በሃዋይ፣ በማዊ ደሴት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በሃሌአካላ ተራራ ላይ ነው። የዳንኤል ኢኖዌ የፀሐይ ቴሌስኮፕ ዋና መስታወት ስፋቱ 4.24 ሜትር፣ ውፍረቱ ግን 75 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ቀጭን የሆነው ከጀርባው በፍጥነት እንዲቀዘቅዝ ነው። 12 ኪሎ ዋት የሚያህል የፀሐይ ኃይል ይሰበስባል። ያ ሁሉ በአንድ ነጥብ ሲያርፍ ብረት ስለሚያቀልጥ፣ በትኩረቱ ላይ የተቀመጠ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ማገጃ አብዛኛውን መልሶ ይጥላል፤ የሚያልፈው የፀሐይ ትንሽ ቍራጭ ነው። በየሌሊቱ የሚሠራ በረዶ ቀን ላይ ሕንጻውን ያቀዘቅዛል። ሁለተኛው መስታወት በብርሃኑ መንገድ ላይ አይቆምም፤ ጎን ላይ ነው፤ ይህም የሊዮን ትምህርት በመከተል ባዛኝ ብርሃንን ይቀንሳል። ቅርጹን የሚለዋውጠው መስታወት 1,600 ገፊዎች አሉት። በጥር 2020 ይፋ የሆኑት ሥዕሎች 30 ኪሎ ሜትር የሚያህል ዝርዝር አሳዩ። ከመለኪያዎቹ አንዱ፣ በጥልቅ ቅዝቃዜ የሚሠራው የታሕተ ቀይ ስፔክትሮግራፍ፣ የኮሮናን መግነጢሳዊ መስክ በዚማን ዘዴ ካርታ አስነሥቷል፤ ውጤቱ በ2024 ታተመ። ሄል በጕድጓዱ ውስጥ በነጠብጣብ ላይ ያየውን በሺዎች እጥፍ በሚደክም መስክ ላይ መድገም ማለት ነው።

ይህን ስናደንቅ ተራራው የማን እንደሆነ አንርሳ። ሃሌአካላ ማለት በሃዋይ ቋንቋ «የፀሐይ ቤት» ማለት ነው። በትውፊታቸው ጀግናው ማዊ ፀሐይን በገመድ ያሰረው በዚያ ነው፤ ጫፉም ለነባሩ ሕዝብ የተቀደሰ ነው። ግንባታውን የተቃወሙ ወገኖች ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2015ና በ2017 መሣሪያ የጫኑ መኪናዎችን መንገድ ላይ ተኝተው ለማገድ የሞከሩ ሰዎች ታሰሩ። የሃዋይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 ፈቃዱን አጽንቶታል። ሕጋዊው ጥያቄ በዚህ ተዘጋ። እኔ ግን ሌላው ጥያቄ የተዘጋ አይመስለኝም፤ የመሣሪያውን ታሪክ የሚጽፍ ሰውም ይህን በግርጌ ማስታወሻ ብቻ ሊያልፈው አይገባም። አየሩ የጠራበት፣ ሰማዩ የጨለመበት ከፍታ ሁሉ አስቀድሞ የአንድ ሕዝብ ስፍራ ነው።

በመጨረሻ ወደ ማውንት ዊልሰን ልመለስ። በ150 ጫማው ማማ ሥር ከ1917 ጀምሮ ተመልካቾች የፀሐይን ምስል በወረቀት ላይ አሳርፈው ነጠብጣቦቹን በእርሳስ ይሥላሉ፤ የመግነጢሱንም ጥንካሬና አቅጣጫ በአጠገባቸው ይጽፋሉ። የሃሌአካላው መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚያየው የፀሐይን ትንሽ ቍራጭ ነው፤ ሙሉ ገጿን አያይም። የዛሬ መቶ ዓመት በዚህ ቀን በፀሐይ ገጽ ላይ ምን እንደ ነበረ ማወቅ የሚሻ ተመራማሪ የሚከፍተው የእርሳሱን ሥዕሎች መዝገብ ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።